ያልነቀልኩት ቡሽ

ይህን ነገር የነፍስ አባቴ እንኳ አያውቁትም። ጾም መሻሬን ነግሬያቸዋለሁ። በንዴት ሰው መማታቴን ነግሬያቸዋለሁ። አንድ ጊዜ እንዲያውም ያልሠራሁትን ኃጢአት ጨምሬ ተናዝዣለሁ፤ ይቺኛዋ ከብዙዎቹ ኋላ ተደብቃ እንድትቀር ብዬ። እሳቸውም መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አድርገው "እግዚአብሔር ይፍታህ" ይሉኛል። እኔ ግን ተፈትቼ አላውቅም። ያልተናገሩትን ማን ይፈታል?

አስመራ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ስሆን ለምን በአማርኛ እንደምጽፍ ትጠይቀኝ ይሆናል። እናቴን የጠራሁት በትግርኛ ነው። ሚስቴን የለመንኩት በትግርኛ ነው። ሰው አሳልፌ የሰጠሁት ግን በአማርኛ ነው። ስለዚህ ኑዛዜውም በዚያው በገባበት በር ይውጣ። አንተንም፣ የምታነበውን፣ እጠረጥርሃለሁ። ምናልባት አሳልፌ የሰጠኋቸው ሰው ዘመድ ትሆናለህ። ሁን። እኔ ሰው መጠርጠር የጀመርኩት ዛሬ አይደለም፤ በደሌም ከዚያው ነው የተወለደው።

ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ነበርኩ። ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ትምህርት ቤት አማርኛ በደንብ ከገባቸው ጥቂቶች አንዱ ስለነበርኩ በአንድ መሥሪያ ቤት የታይፕ ጸሐፊ ሆኜ ተቀጠርኩ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እኩለ ቀን የሰው ደብዳቤ እጽፋለሁ። የቀረው ጊዜዬ የብስክሌት ነበር። ሕልሜም አንድ ብቻ ነበር፤ አዲስ አበባ ለሚደረገው ውድድር ከአስመራ ከሚላኩት አምስት ብስክሌተኞች አንዱ መሆን።

ልምምዳችን የምጽዋ መንገድ ላይ ነው። ከአስመራ ወደ ነፋሲት እንወርዳለን። መውረዱ ጉራ አይነፋበትም፤ ፍሬን ያለው ሁሉ ይወርዳል። ጉዱ ያለው መመለሱ ላይ ነው። ከነፋሲት ተነሥቶ ከተማው መግቢያ ኬላ ድረስ ያለውን ዳገት፣ ጣሊያኖቹ ትተውት በሄዱት ስም፣ ሳሊታ እንለዋለን። አንዱን ኩርባ ጨረስኩ ስትል ሌላው ከላይ ሆኖ ያይሃል። አርባሮባ ላይ ጉሙ ይቀበልሃል፤ የፊት ጎማህን እንጂ ሌላ አታይም፤ የምትሰማው የራስህን ትንፋሽ ነው። ወንድ ነኝ ያለ እዚያ ይለያል።

አቦይ ወልዱን ያወቅኳቸው እዚያ ነው። ዕድሜያቸው ከሃምሳ አልፏል። እዳጋ ሓሙስ ሰፈር ውስጥ ብስክሌት የሚጠግኑባት ጠባብ ሱቅ ነበረቻቸው። ጺማቸው ሸብቷል፤ ብስክሌታቸው ከእኔ ዕድሜ ትበልጣለች። ሜዳ ላይ ከኋላችን ናቸው። ቁልቁለት ላይም ከኋላችን ናቸው፤ ፍሬናቸውን ሳይለቁ "እኔ ሚስት አለችኝ፣ እናንተ እናት ብቻ ነው ያላችሁ" እያሉ ያስቁናል። ዳገቱ ሲጀምር ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ። ከኮርቻቸው አይነሡም፤ አይወዛወዙም። እንደተቀመጡ፣ ቡና ቤት ወንበር ላይ ያሉ ይመስል፣ አንድ በአንድ ያልፉናል። ሲያልፉንም "ኣጆኹም ደቀይ" ይሉናል፤ አይዟችሁ ልጆቼ ማለታቸው ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ማለፋቸው ብቻ አልነበረም። ያ "አይዟችሁ" ነበር።

ጓደኞቼ ነገሩን በቀልድ ይወጡታል። አንዱ "ከደብረ ቢዘን መነኮሳት የተቀበሉት ጸበል አለ" ይላል። ሌላው "የጣሊያን መድኃኒት ይውጣሉ" ይላል። ሦስተኛው ደግሞ "ወደ ቃኘው ጦር ሰፈር በሚመጣ የአሜሪካኖች ካሚዮን ጀርባ ተንጠልጥለው ነው፤ ጉሙ ስለሚሸፍናቸው አናያቸውም" ይላል። ይስቃሉ። እኔ አብሬ ስቄ ቤቴ ስገባ ግን ነገሩን እንደ አጥንት እግጠዋለሁ። ሽማግሌ ሰው እኔን እንዴት ይቀድመኛል? ያለ ምክንያት እንዴት ይሆናል?

መከታተል ጀመርኩ። የሚያልፉ ካሚዮኖችን ሰዓት መዘገብኩ። ሻሂ ጠጥተው ሲነሡ ብርጭቋቸው ውስጥ የቀረችውን ቀምሻለሁ፤ መድኃኒት መድኃኒት ይል እንደሆነ ብዬ። ስኳር ስኳር ነበር የሚለው። ጃኬታቸውን አሽትቻለሁ። ሰንሰለታቸውን በጣቴ ዳብሻለሁ። ምንም የለም። ምንም ሳጣ ግን ጥርጣሬዬ አልቀነሰም፤ ባሰበት። "እንዴት ያለ ጥንቁቅ ቢሆን ነው!" አልኩ። ማስረጃ ማጣቴን ራሱን ማስረጃ አደረግኩት። ጊዜውም ለዚህ ይመች ነበር። አስመራ ውስጥ ሰው ሻሂ ሲጠጣ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ በሚቀመጥበት ዘመን፣ እኔ አንድ ብስክሌተኛ ብጠረጥር ማን ይፈርድብኛል? እንዲህ እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

ሳሊታ ላይ ማንም ያልጻፈው፣ ሁሉም የሚያውቀው አንድ ሕግ አለ። ውሃ አይከለከልም። ልትቀድመው የምትፈልገው ሰው እንኳ ቢጠይቅህ ቦራቻህን፣ የውሃ ኮዳህን፣ ትዘረጋለታለህ። ከዚያ በኋላ ቅደመው። አንድ እሑድ ቦራቻዬ ከኩርባ ላይ አምልጦኝ ገደል ገባ። አርባሮባ ስንደርስ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቋል። አቦይ ወልዱ ሊያልፉኝ ሲሉ "አቦይ፣ ማይ" ብዬ ለመንኳቸው። እጃቸውን ቦራቻቸው ላይ ጫኑ።

"ናተይ ኣይስተን እዩ ወደይ" አሉኝ። የእኔው አይጠጣም ልጄ።

ወዲያው ከኪሳቸው በጨርቅ የተጠቀለለ፣ የተላጠ በለስ አውጥተው ሰጡኝ። ሦስት ነበር፤ ሦስቱንም። በላሁት፤ ጉሮሮዬን አራሰልኝ። አመሰገንኩ? አላመሰገንኩም። እኔ የያዝኩት በለሱን አልነበረም፤ "አይጠጣም" ያሉትን ነበር። ውሃ የማይያዝበት የውሃ ኮዳ ምን ይያዝበታል? ከዚያ ወዲህ ልብ ብዬ ሳይ ከዚያች ቦራቻ አንድ ቀን እንኳ ሲጎነጩ አላየሁም። በውድድር ቀን ደግሞ ቦራቻይቱን ጨርሰው አይዟትም፤ ሌላ ነው የሚይዙት። ይህን ሁሉ ያየ ዓይን የቀረውን እንዴት ሳያይ ቀረ? ቆይ፤ ወደዚያ እመጣለሁ። እንዳልሸሽ አንተም ያዘኝ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነፋሲት ላይ፣ ዳገቱን ከመጀመራችን በፊት፣ እንደ ልማዳችን ሻሂ ልንጠጣ አረፍን። አቦይ ወልዱ ሁልጊዜ ከዳገት በፊት ከሻሂ ቤቱ ጀርባ ይሄዱና ደብረ ቢዘን ወዳለበት ተራራ ዞረው ይጸልያሉ። ጸሎታቸው ረጅም ነው። ጓደኞቼ ውስጥ ናቸው። ብስክሌታቸው ግድግዳው ላይ ተደግፋለች። ሄድኩና ቦራቻዋን ከቦታዋ አነሣኋት።

እጄ ወደ ታች ወረደ። እንዲያ ይከብዳል ብዬ አልጠበቅኩም። ነቅነቅ ሳደርጋት ውስጧ ብረት ከብረት ተንኳኳ፤ ትናንሽ፣ ብዙ። አውራ ጣቴን ቡሹ ላይ አሳረፍኩ። እዚህ ላይ ልብ በልልኝ። ቡሹ አሮጌና የላላ ነበር። በሁለት ጣት የሚነቀል ነበር። ጊዜ ነበረኝ። የአቦይ ወልዱ ድምፅ ከቤቱ ጀርባ፣ ገና ከጸሎቱ መጀመሪያ ላይ፣ ይሰማኛል። የሚያየኝ ሰው አልነበረም። ቆሜ ቡሹን በአውራ ጣቴ አሸሁት፣ አሸሁት። ከዚያ ቦራቻዋን ወደ ቦታዋ መለስኳት።

አልነቀልኩትም።

በዚያው ሰሞን አሰልጣኛችን ለአዲስ አበባው ውድድር አራቱ እንደታወቁ ነገረን። አምስተኛው በእኔና በአቦይ ወልዱ መካከል ነው፤ ሳሊታው ይፍረድ፣ አለ። አቦይ ወልዱ ይህን ሲሰሙ ቆባቸውን አውልቀው ፊታቸውን ሸፈኑበት። በጣሊያን ጊዜ፣ እግራቸው ለጋ በነበረበት ዘመን፣ አበሻ ከነጭ ጋር እንዳይወዳደር ተከልክሎ ነበር። ሰላሳ ዓመት ሙሉ ሰው የሚጠራቸውን ቀን ሲጠብቁ ኖረዋል። ይህንን አውቅ ነበር። አላውቅም ነበር ብዬ እንዳልዋሽህ ነው አሁን የምነግርህ።

መሥሪያ ቤታችን የሚመላለስ ግራጫ ኮት የሚለብስ ሰው ነበር። ሥራው ምን እንደሆነ ማንም አይጠይቅም፤ ሁሉም ያውቀዋል። ሲመጣ ከታይፕ ማኪናዬ አጠገብ ወንበር ስቦ ይቀመጣል። ደግ ደግ ያወራል።

"አማርኛህ እንዴት ያምራል!" ይለኛል። "ከእናንተ አገር ልጆች እንዳንተ የጠራ ሲናገር የሰማሁት የለም።"

ውዳሴ የማይወድ ማነው? እወድለት ነበር። አንድ ቀን ጠዋት "ብስክሌቱስ እንዴት ነው? በዚያ መንገድ ስትወጡ ስትወርዱ የምታዩት ነገር አይጠፋም" አለኝ። ይህን ጥያቄ ቀደም ብሎም ጠይቆኝ ያውቃል፤ ሁልጊዜ "ድንጋይና ዝንጀሮ ነው የምናየው" ብዬ አስቄው እገላገል ነበር። ያን ቀን ግን አላሳቅኩትም።

"አንድ ሽማግሌ አለ" አልኩ። "በየሳምንቱ ነፋሲት ይወርዳል። የውሃ ኮዳው ውሃ አይያዝበትም። አንሥቼው ነበር፤ ከባድ ነው። እንደ ጥይት ይንኳኳል።"

"ከፍተህ አይተኸዋል?"

"አላየሁም።"

"ለምን?"

"ፈራሁ።"

ተመልከት፤ በፊታቸው "አንቱ" የምላቸውን ሰው ከኋላቸው "ይወርዳል" አልኩ። አንቱታውን ከጣልኩ በኋላ የቀረው ቀላል ነበር። ደግሞ "ፈራሁ" ያልኩት እውነቴን ነው። የፈራሁት ግን ጥይት ይኖራል ብዬ አይደለም። ጥይት ባይኖርስ ብዬ ነው። ቡሹን ነቅዬ ጥይት ካጣሁ፣ እኚህ ሽማግሌ በጉልበታቸው፣ በገዛ እግራቸው፣ በንጹሕ ሊቀድሙኝ ነው። ያንን መስማት አልፈለግኩም። ቡሹ እስካልተነቀለ ድረስ ውስጡ ጥይት ነው። ብስክሌተኛ ነኝ፤ የሱቃቸውን መሳቢያ አውቃለሁ፤ የኩሽኔታ ፍሬ፣ ያቺ ትንሽ የብረት ኳስ፣ እንዴት እንደምትንኳኳ ጆሮዬ ያውቃል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ሰውየው ኮቱን ቆልፎ ወጣ። እኔም የጀመርኩትን ደብዳቤ ጨረስኩ፤ ፊደል እንኳ አልሳትኩም።

ከመለያው ውድድር አንድ ቀን በፊት፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ የመጨረሻ ልምምዳችን ነበር። አቦይ ወልዱ እንደ ልማዳቸው አርባሮባ ላይ አልፈውን ጉሙ ውስጥ ገቡ። ኬላው ስንደርስ ቆመው አገኘናቸው። እጃቸው ራሳቸው ላይ ነው። ብስክሌታቸው መሬት ተጥላለች። አንድ መቶ አለቃና አራት ወታደሮች ከበዋቸዋል። እኛንም ራቅ አድርገው አስቆሙን። አንዱ ወታደር ቦራቻዋን አንሥቶ ቡሹን በጥርሱ ነቀለው። በጥርሱ! እኔን ያን ያህል ያቃተኝን። ከዚያ ዘቀዘቃት።

የተበሉ፣ ግራሶ፣ የማሽን ቅባት፣ ያጠቆራቸው የኩሽኔታ ፍሬዎች አስፋልቱ ላይ ተዘረገፉ። ዳገት አይደል? በእግራችን መካከል፣ በጎማዎቻችን ሥር፣ ወደ ታች ወደ አርባሮባ እየተንከባለሉ ሄዱ። አጠገቤ የነበረው ጓደኛዬ በመዳፉ ግንባሩን መታ። "ክብደት ነው! ብረት ተሸክመው ነው ለካ ዳገቱን የሚወጡት!" አለ፤ አለና መሳቅ ጀመረ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቁ ቆመ። ነገሩ ለሁላችንም በአንድ ጊዜ ገባን። እነዚያን እሑዶች ሁሉ፣ እኛ ውሃ ብቻ ይዘን፣ እሳቸው ያን ሁሉ ብረት ጭነው፣ "አይዟችሁ ልጆቼ" እያሉ ነበር የሚያልፉን።

መቶ አለቃው ትግርኛ አያውቅም። ከወታደሮቹም የሚያውቅ አልነበረም። "ከመካከላችሁ አማርኛ የሚችል ማነው?" ብሎ ጮኸ። ጓደኞቼ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። "ኪድ፣ ተዛረበሎም" እያሉ ገፉኝ፤ ሂድ ተናገርላቸው። በተስፋ ነበር የገፉኝ። ሄድኩ። እነሱ እዚያው ቀሩ፤ የምለውን አይሰሙም።

አቦይ ወልዱ ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። ትግርኛቸው ፈጠን ብሎ ወረደ። ያሉትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። ያኔ ያልተረጎምኩትን አሁን ልተርጉምልህ፦ "ያረጁ ኩሽኔታዎች ፍሬ ነው ልጄ፣ ከሱቄ ነው፤ ልምምድ ላይ ሲከብደኝ ውድድር ላይ ይቀለኛል። ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ እንዲህ ነው የምሠራው። ያኔ ውድድሩ የነሱ ነበር፤ የእኛ ልምምዱ ብቻ ነበር። ለእግሬ ነው በለው። ሌላ ነገር የለበትም በለው። አሰልጣኛችንን ይጠይቅ።"

መቶ አለቃው ይጠብቀኛል። አፌን ከፈትኩ።

"ለእግሬ ነው ይላል" አልኩት።

"ለእግሬ? ይቀልዳል እንዴ ይሄ ሰው? ይህን ሁሉ ለፍልፎ? ሌላስ ምን አለ?"

"ሌላ አላለም።"

ይኸው። እኔ ነኝ ያልኩት። ነገ የመለያው ውድድር ነው፣ እሳቸው ከተለቀቁ እኔ እቀራለሁ፣ ይህን አሰብኩ። ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም ብዬ ለብዙ ዓመታት ራሴን አታልያለሁ። ጊዜ ነበረኝ። አስቤ ነው።

መቶ አለቃው አንዷን ፍሬ ከመሬት አንሥቶ በጣቶቹ መካከል አዟዟራት። "ጤነኛ ሰው ብረት ተሸክሞ ዳገት አይወጣም" አለ፤ ለራሱ የሚያወራ ይመስላል። "ዛሬ ብረት ይሸከማል፤ መንገዱን እየለመደ፣ እኛን እያለመደ። ነገ ምን ሊሸከም ነው?" ማስረጃ ሲያጣ ባሰበት። ያንን አካሄድ አወቅኩት፤ የራሴ ነው። ብርጭቋቸውን ስቀምስ እኔም እንዲሁ ነበር የማስበው።

ወደ መኪናው ሲወስዷቸው አቦይ ወልዱ ዞረው አዩኝ። ቁጣ አልነበረም። ለረጅም ጊዜ ፊቴን አዩት፤ ደረሰኝ የጎደለው ዕቃ እንደሚፈተሽ አዩኝ። አማርኛ ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም። ግን ይሰሙ ነበር? የእሳቸው ንግግር ያን ያህል ረዝሞ የእኔ ማጠሩን ቋንቋ የማያውቅ እንኳ አይታዘበውም?

ብስክሌታቸውን ከባዶዋ ቦራቻ ጋር ለቤተሰባቸው እንዳደርስ ወታደሮቹ ለእኔ ሰጡኝ፤ አፈ ቀላጤያቸው ነኝና። እዳጋ ሓሙስ ድረስ እየገፋሁ ወሰድኳት። ሚስታቸው አደይ ለምለም በሩን ከፍተው ብስክሌቷን ብቻዋን ሲያዩ ሁሉንም አወቁ። ኬላው ላይ ለባላቸው የተናገርኩላቸው እኔ እንደሆንኩ ሰምተው እጄን ሳሙት። "የቐንየለይ ወደይ" አሉኝ፤ ያቆይልኝ ልጄ። የሳሙት እጅ ቡሹን ያሸው እጅ ነበር። ከዚያ ወዲያ ስንት ጊዜ ታጥቤዋለሁ!

በማግስቱ አምስተኛ ሆኜ ተመረጥኩ። አዲስ አበባ ሄድኩ። በመጀመሪያው ዳገት ላይ እግሬ ከዳኝ፤ ከሁሉም ኋላ ቀረሁና መንገድ ዳር ብስክሌቴን አጋድሜ ተቀመጥኩ። የእግዚአብሔር ፍርድ ነው አትበለኝ። ፍርድ ቢሆን ደስ ባለኝ። እግሬ ደካማ ስለነበረ ነው፤ ሌላ ነገር የለበትም።

ግራጫ ኮት የሚለብሰው ሰው ከወራት በኋላ እንደገና መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። "ያ ሽማግሌህ ግትር ነው" አለኝ፣ ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወራ። "እስካሁን ለእግሬ ነው ይላል።" አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። "ብስክሌተኞች እንዲህ እናደርጋለን" ብል ይበቃ ነበር። ታይፑን መታሁ። "ሽማግሌህ" ያለኝን እንኳ አልመለስኩለትም፤ የእኔ ሆነው ቀሩ።

ሁለት ክረምት አለፈ። አቦይ ወልዱ ሲለቀቁ መራመድ አይችሉም ነበር። ውስጥ እግራቸውን ነበር የገረፏቸው። "ለእግሬ ነው" ያልኩት እኔ፣ የተገረፈው እግራቸው። ይህን ማን አገጣጠመው? እኔ እላለሁ፤ እኔ ነኝ። ቀስ በቀስ ቆሙ፤ ግን ብስክሌት ላይ ወጥተው አያውቁም። ከቤት ወደ ሱቅ ሲሄዱ ያቺን አሮጌ ብስክሌት መሪዋን ይዘው፣ እሷን ተደግፈው፣ እየጎተቱ ይራመዱ ነበር። ለማያውቅ ሰው ጎማው ተንፍሶባቸው የሚገፏት ይመስል ነበር። ሳያቸው በሌላ መንገድ እዞራለሁ። ሰው ሁሉ ያወቀብኝ ይመስለኝ ጀመር። ጓደኛዬ ሰላምታ ሲያሳጥር "አወቀ" እላለሁ። ሰላምታ ሲያረዝም "አውቆ ነው የሚያዘናጋኝ" እላለሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ የሚያሙኝ ቢሆን እኔ መጨረሻ ነኝ የምሰማው።

አሁን አቦይ ወልዱም አደይ ለምለምም የሉም። የቀረኝ አንድ ነገር ነው፤ እሱን ብነግርህ ጨረስኩ።

ከተለቀቁ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ሳሊታን ጨርሼ እዳጋ ሓሙስን ሳልፍ፣ የኋላ ቸርኬዬ ተጣመመ። በአቅራቢያው ሌላ ጠጋኝ ነበር። ለምን ወደ እሳቸው እንደገባሁ አላውቅም። ልናዘዝ ነበር የገባሁት ብል ራሴን ማስጌጥ ይሆናል። እንዲያውም የገባሁት ያውቁ እንደሆነ ልሰልል ይመስለኛል።

ተቀምጠው ነበር። "እንቋዕ መጻእካ ወደይ" አሉኝ፤ እንኳን መጣህ ልጄ። ቸርኬውን ተቀብለው አቃኑት፤ እጃቸው ያው እንደ ድሮው ነበር። እኔ ቆሜ ላቤ ይንጠባጠባል፤ በጋ ነበር፣ ከዳገቱ ነው የመጣሁት። ሥራቸውን ሲጨርሱ እጃቸውን ወደ መደርደሪያው ዘረጉና ያቺን ቦራቻ አወረዱ። ያቺኑ። ወታደሩ የነከሰው የቡሹ ጠርዝ ሳይቀር ይታያል። ሰጡኝ። እንደ ቦራቻ ቀላል ነበረች፤ ውስጧ ውሃ ይናጣል።

"ጠጣ" አሉኝ። "ውሃ ነው። አሁን ይጠጣል።"

በአማርኛ ነበር ያሉኝ። በጠራ አማርኛ።

እስር ቤት ተምረውት ይሆን? በሁለት ክረምት ከእስረኛና ከጠባቂ ጋር ሲኖሩ የማይማር የለም። ወይስ ያን ቀንም፣ ኬላው ላይ ዞረው ሲያዩኝ፣ ያውቁ ነበር? "ሌላ አላለም" ያልኩትን ሰምተውት ነበር? አውቀው ነው ውሃ የሰጡኝ፣ ወይስ ጠምቶኝ ስላዩኝ ብቻ? ፊታቸውን መረመርኩ። ፊታቸው የደከመው ሽማግሌ ፊት ነበር፤ ምንም አልተጻፈበትም። ዛሬም፣ እኔ ራሴ ከእሳቸው ዕድሜ አልፌ፣ ያንን ፊት እያመጣሁ እመረምራለሁ። ይህ ነው የቀረኝ ጥርጣሬ፤ የሚገባኝም ነው።

አውራ ጣቴ ቡሹ ላይ ነበር። ቡሹ የላላ ነበር፤ በሁለት ጣት የሚነቀል። እሳቸው ይጠብቁኛል። ሳሊታ ላይ ውሃ አይከለከልም፤ ውሃ እምቢ የሚልም ሰው አይቼ አላውቅም ነበር።

"ኣይጸማእኩን አቦይ" አልኳቸው። አልጠማኝም። በትግርኛ መለስኩላቸው፤ ከአማርኛው ሸሸሁ። ቦራቻዋን ቡሹ እንደተወተፈ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ብስክሌቴን ገፍቼ ወጣሁ።

ይቅርታ አልጠይቅህም። ይቅር የሚሉኝ ሰው ከፊቴ ቁጭ ብለው፣ ውሃ በእጃቸው ይዘው፣ እምቢ ያልኩ ሰው ነኝ። ወጣት ነበርኩ፣ ዘመኑ ነው፣ ያስፈራ ነበር ብዬም አልከራከርም። ሌሎችም በዚያው ዘመን ነበሩ፤ ቡሹ እጃቸው ላይ ቢገባ ይነቅሉት ነበር። ብቻ ያን ቀን ሱቃቸው ውስጥ ያልኩትን ላርም፤ ለአንተ ቢሆንም ላርም። ዋሽቼ ነበር። ጉሮሮዬ ደርቆ ነበር። ጠምቶኝ ነበር።